እኛ ዘንድ ፎቶ ይታጠባል

መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ነው። ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ገብተዋል። ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙ ደሴ ቀን ላይ ጭር ትላለች፣ ሲመሽ ነፍስ ትዘራለች። የመግሪብ አዛን ሲል የሳምቡሳ ሽታ ከየበሩ ይወጣል። እኛ ሰፈር ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ላይ አንድ ሳህን ተምር ተቀምጧል። የሚገባ ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ ያነሳል። ክርስቲያኑም ያነሳል፤ ተምር የጾም ነው።

ጨዋታው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። ኒውካስል ከሊቨርፑል፣ ዌምብሌይ፣ የካራባኦ (የእንግሊዝ ሊግ) ዋንጫ ፍጻሜ። ጎረቤቴ የመጀመሪያውን አጋማሽ አላየም፤ ተራዊህ ሄዶ ነበር። እያለከለከ ገባና «ስንት ናቸው?» አለ። አንድ ለዜሮ ኒውካስል እየመራ ነው። ዳን በርን በጭንቅላቱ አግብቷል። ሰውየው ገና ሳይቀመጥ፣ 52ኛው ደቂቃ ላይ፣ መርፊ ኳሷን በጭንቅላቱ አወረደለትና አሌክሳንደር ኢሳቅ መታት። ገባች።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «የኛ ልጅ! የኛ ልጅ!» ኢሳቅ ስዊድን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከኤርትራ ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን መልኩ የኛ ነው፣ ስሙም የኛ ነው። እኔ ራሴ ኒውካስልን መደገፍ የጀመርኩት በእሱ ነው። በ2022 ክረምት ከሪያል ሶሲዳድ ሲገዙት አብሬው ገባሁ። (ስለ ኳስ ሳወራ ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው። የአገር ቤቱን «ዓ.ም.» እያልኩ እለየዋለሁ።)

ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ኒውካስል ከ1955ቱ የኤፍኤ ዋንጫ ወዲህ፣ ከ70 ዓመት በኋላ፣ የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ አነሳ። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አየሁ። የእኔም ዓይን ሞላ።

ስወጣ ዓይኔ ጥግ ላይ ያለችው ዱካ ላይ አረፈ። አንድ ልጅ ሁልጊዜ እዚያች ላይ ነበር የሚቀመጠው። ደስታዬ እዚያው ቀረ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ልጅና ስለ ክለባችን ባለቤቶች ነው።

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው፣ ፒያሳ አካባቢ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግ አልበም እሠራለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ማሊያ ላይ ስምና ቁጥር አትማለሁ። ፊልም ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሰው ግን እስካሁን «እጠብልኝ» ነው የሚለው። ስልኩን ይዞ ይመጣና «ይቺን እጠብልኝ» ይላል። እኔ በቴሌግራም ተቀብዬ ፕሪንተር ላይ ነው የማወጣው። ምንም የሚታጠብ ነገር የለም። ቃሉ ከጨለማ ክፍሉ ዘመን የቀረ ነው። ያኔ ወረቀቱ ኬሚካል ውስጥ ሲነከር ፊት ቀስ እያለ ይወጣ ነበር።

ስፖርትዋሽንግ የሚሉት ነገር አለ። በስፖርት ማጠብ እንደማለት ነው። ስሙ የጎደፈ መንግሥት ክለብ ይገዛል፣ ዋንጫ ያዘጋጃል፣ ኮከብ ያስመጣል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ኳሱን ይሆናል። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ የራሴ ሥራ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ የማጥበው ፊት እንዲወጣ ነበር።

ኒውካስል የተሸጠው ኦክቶበር 7 ቀን 2021 ነው። ዋጋው 305 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። 80 በመቶውን የወሰደው የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ የፈንዱ ሊቀ መንበር ደግሞ ልዑል አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሰልማን ናቸው። ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ቆንስላ ውስጥ ከተገደለ ሦስት ዓመት ከአምስት ቀን ሆኖት ነበር። የአሜሪካ የስለላ ተቋማት በ2021 መጀመሪያ ባወጡት ሪፖርት ልዑሉ ኻሾግጂን ለመያዝ ወይም ለመግደል የታለመውን ዘመቻ ማጽደቃቸውን ገምግመው ነበር። ልዑሉ አላዘዝኩም ብለዋል።

ፕሪሚየር ሊጉ ሽያጩን የፈቀደው የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር ሕጋዊ ማረጋገጫ ተሰጥቶኛል ብሎ ነው። ፈንዱ ሌላ፣ መንግሥቱ ሌላ ማለት ነው። ከዚያ በ2023 ያው ፈንድ በጎልፍ ጉዳይ አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቆቹ ምን አሉ? ፈንዱ የሳዑዲ መንግሥት አካል ነው፣ ኃላፊው ያሲር አል ሩማያንም በሥራ ላይ ያሉ ሚኒስትር ናቸው፣ ስለዚህ ልትከሱን አትችሉም አሉ። አል ሩማያን የኒውካስል ሊቀ መንበር ናቸው። እንግሊዝ ላይ መንግሥት አይደለንም፣ አሜሪካ ላይ መንግሥት ነን። እኔ ሕግ አልተማርኩም። ግን አንድ ሰው ለሁለት ቀበሌ ሁለት የተለያየ ቃል ሲሰጥ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ሽያጩ በእኛ መስከረም 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ያኔ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ በተፈናቀለ ሰው ተሞልተዋል። ከሽያጩ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገባ። ስለ ኒውካስል የሚያስብ ሰው አልነበረም። በኋላ ቪዲዮውን ሳይ የክለቡ ደጋፊዎች ስታዲየሙ በር ላይ ፎጣ እንደ አረብ ጭንቅላታቸው ላይ ጠምጥመው ይጨፍራሉ። አልፈረድኩባቸውም። ለዓመታት በጠሉት ባለቤት ስር የኖሩ ሰዎች ናቸው። በዓመቱ እኔም ገባሁ። ማን እንደገዛው እያወቅኩ ነው የገባሁት።

አሁን ወደ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ቀን ላይ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ዞሩ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ማንችስተር ሲቲ ከኒውካስል ተጫወቱ፣ የአቡዳቢው ክለብ ከሳዑዲው። ሲቲ በአልቫሬዝ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታውን ጎረቤት ቤት ነው ያየሁት፤ በዚያ ሰሞን አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ሰው አያመሽም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ወሬ የምንሰማው በሬዲዮ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት አወጣ ተባለ። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች የሚቆጠሩ ገድለዋል ይላል። ከሩቅ በሞርታር፣ ከቅርብ በጥይት። ሴቶችና ሕፃናት ጭምር። ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ነው ብላ አስተባበለች።

ሬዲዮኑን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ያ መንገድ ከእኛ ነው የሚነሳው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለህ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አፋር በረሃ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን። ደላላው መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። እኛም እናውቀዋለን። ወሎ ውስጥ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የሌለው ቤተሰብ ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ይጠይቃል።

በቀጣዩ እሑድ ነሐሴ 21 ኒውካስል በሜዳው ከሊቨርፑል ተጫወተ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር ዲኤስቲቪ ቤቱ ክፍት ነው። ግማሹ ባዶ ነው። ልጁ ዱካው ላይ ተቀምጧል። 19 ዓመቱ ነበር። ሆጤ ሜዳ ጥዋት ጥዋት ኳስ ይጫወታል። ጎርደን አገባ። 28ኛው ደቂቃ ላይ ቫን ዳይክ ኢሳቅን ጥሎ በቀይ ወጣ። ልጁ ከመቀመጫው ዘለለ፣ አቀፈኝ። «ብሮ፣ አለቀላቸው!» አለኝ። አላለቀላቸውም። ኑኔዝ መጨረሻ ላይ ሁለት አግብቶ 2 ለ 1 ተሸነፍን።

ያን ሁሉ ሰዓት የሬዲዮው ወሬ አፌ ላይ ነበር። አልተናገርኩትም። ለምን? ፈርቼ አይደለም። እዚያ ቤት ማንም አይቆጣኝም ነበር። ጨዋታው እንዳይበላሽብን ነው። ስለ ኢሳቅ እያወራን ስለ ድንበሩ ማንሳት ነውር መሰለኝ። በልቅሶ ቤት ቀልድ እንደማውራት፣ በሠርግ ቤት ሬሳ እንደማንሳት።

ስፖርትዋሽንግ እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ ቀን በላይ ያስረዳኝ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ሰው ኳስ አይቶ ወንጀሉን ይረሳል ተብሎ ይጻፋል። እኔ አልረሳሁም። ከስድስት ቀን በፊት የሰማሁትን ወሬ ነው የማወራው፤ እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ። የታጠበው አእምሮዬ አይደለም። አፌ ነው። የምወደው ነገር ሰጡኝ፤ ከዚያ ስለ እነሱ መጥፎ መናገር የምወደውን ነገር መንካት ሆነብኝ። ማንም ዝም በል አላለኝም። ራሴ ነኝ ዝም ያልኩት። 305 ሚሊዮን ፓውንድ ይህን ከገዛ ለእነሱ ርካሽ ነው። የፈንዱ ሀብት በመቶ ቢሊዮኖች ዶላር ነው የሚቆጠረው።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ልጁ ፎቶ ቤት መጣ። ገበያ ላይ የገዛውን የኒውካስል ማሊያ ይዟል። ጥቁርና ነጭ ሰንበር፣ የዚያ ዓመት ማሊያ። ደረቱ ላይ «ሴላ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሴላ የሳዑዲ ድርጅት ነው፣ የዚያው ፈንድ ንብረት። ጀርባው ላይ በአማርኛ «ኢሳቅ» ብዬ፣ ከሥሩ 14 ቁጥር እንዳትምለት ጠየቀኝ። ፊደሎቹን ቆረጥኩ፣ ማሽኑን አሞቅኩ፣ ማሊያውን ዘረጋሁና ተጫንኩት። ፕላስቲኩ ጨርቁ ላይ ሲጣበቅ የሚሸተውን ሽታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ያኔም ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያኔም አልተናገርኩም። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ስጦታ ነው አልኩት።

ጥር ላይ ሄደ። ለእናቱ እንኳ አልነገረም። ከየመን አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። በረሃ ላይ ይሁን፣ እስር ቤት ይሁን፣ ድንበር ላይ ይሁን የሚነግረን አላገኘንም። ያን እሑድ ብናገር ኖሮ ይቀር ነበር አልልም። ወጣቱ አደጋውን ሳያውቅ አይደለም የሚሄደው። ግን መናገር ነበረብኝ።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ ክርክር ይነሳል። እዚህ አገር አርሰናል የማይደግፍ ጥቂት ነው፤ የአርሰናል ደጋፊ ደግሞ ሲቲንና ኒውካስልን በነዳጅ ገንዘብ መተቸት ይወዳል። «የእናንተ ደረት ላይ ምን ይላል?» እላለሁ። ኤሚሬትስ ይላል። አየር መንገዱ የዱባይ መንግሥት ነው፤ ስታዲየማቸው ከ2006 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። እጅጌያቸው ላይ ከ2018 ጀምሮ «ሩዋንዳን ጎብኙ» የሚል ነበር። በ2025 በምሥራቅ ኮንጎ ውጊያው ሲከፋ የኮንጎ መንግሥት ሩዋንዳ አማፂዎቹን ትረዳለች ብሎ አርሰናልና ሌሎች ክለቦች ይህን ውል እንዲያቋርጡ ጠየቀ። አርሰናል በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከ2025/26 የውድድር ዓመት በኋላ ውሉ እንደማይቀጥል አስታወቀ። ጓደኛዬ ይህን ስለው ትንሽ ዝም አለና «ማሊያ ላይ መጻፍና ክለቡን መግዛት አንድ ነው?» አለኝ። አንድ አይደለም። ትክክል ነው። የተለጠፈ ይነሳል። ባለቤት ግን አይነሳም።

ሌላው ክርክር የአገር ቤቱ ነው። «የኛ ክለቦች የማን ናቸው?» ይሉኛል። እውነት ነው። ደሴ ከተማን የሚያስተዳድረው ከተማው ነው። በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው ንግድ ባንክ ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መድን። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። ቡድኑ የመንግሥት ስለሆነ ብቻ ነገሩ አይከፋም። ልዩነቱ እኔ የባለቤቱን በር ማወቄ ነው። ደሴ ከተማ ሲሸነፍ ሆጤ ስታዲየም ውስጥ አሰልጣኙም ከንቲባውም ይሰደባሉ። በጀቱ ከእኛ ኪስ የወጣ ነው፣ እንጮህበታለን። የኒውካስል ሰው ሪያድ ሄዶ ማንን ይጠይቃል? የሪያድ ሰውስ በገዛ ገንዘቡ ስለተገዛው ክለብ ማንን ይጠይቃል?

«ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚለው ሦስተኛው ክርክር ነው። ይህን የደሴ ሰው ሲናገር ስሰማ ያመኛል። የ1934ቱን የዓለም ዋንጫ ያዘጋጀችው የሙሶሊኒ ጣሊያን ናት። ፍጻሜው ሮም ላይ በፋሺስት ፓርቲው ስም በተሰየመ ስታዲየም ነው የተካሄደው። ጣሊያን ቼኮዝሎቫኪያን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ዘርግተው የፋሺስት ሰላምታ ሰጡ፣ ዓለም አጨበጨበ። ጁን 10 ነበር። ዓመት ከመንፈቅ አልሞላም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የዚያው መንግሥት አውሮፕላኖች ደሴ ላይ ቦምብ ጣሉ። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው አውሮፕላን ላይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው።

ያ ፎቶ ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ፣ ያረጀ ቅጂ። ሰው ተራ ሲጠብቅ ያየዋል። እኔ ደግሞ ሌላውን ፎቶ አስባለሁ፣ ሮም ላይ ዋንጫ ይዘው የተነሱትን። ያኔ ጎል ሲገባ የጮኸው ሰው ደሴ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም ነበር። የእኔ ጉዳይ ከእሱ ይብሳል። እኔ መንገዱንም ልጁንም አውቃለሁ።

ከፍጻሜው ማግስት አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ሠርታለች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ሲመለሱ አብራ ተመለሰች። ቡና አፍልታ ነበር። ስለ ኢሳቅ ሰምታለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሌሊቱን ሲጮህ አድሯል።

«ስንት ነው የገዙት?» አለችኝ።

«63 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ።»

«በሪያል ንገረኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። አንዱን ፓውንድ በ4 ሪያል ተኩል አስልቼ 283 ሚሊዮን ተኩል አልኳት። የመጨረሻ ደሞዟ በወር 1000 ሪያል ነበር። «እስቲ ለእኔ ስንት ዓመት እንደሆነ አውጣልኝ» አለች። አካፈልኩ። 23 ሺህ 625 ዓመት። ደገመችው። ቤተ ክርስቲያን ከአዳም ወዲህ ያለውን ዘመን ስትቆጥር ያን ዓመት 7517 ላይ ነበርን። ሦስት ጊዜ ሞልቶ ይተርፋል። አክስቴ ሲኒውን አስቀመጠች።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ መክፈሉ የሳዑዲ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ኢሳቅን በሴፕቴምበር 2025 ሊቨርፑል 125 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው፤ የሊቨርፑል ባለቤቶች አሜሪካውያን ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴው ትርፍ ይፈልጋል፣ ይታወቃል። መንግሥት ግን በኳስ ብር ከሰረ አልከሰረ ግድ አይሰጠውም። ልዑሉ ራሳቸው በ2023 ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ተናግረውታል፦ ስፖርትዋሽንግ የአገሬን ምርት 1 በመቶ የሚያሳድግ ከሆነ እቀጥልበታለሁ ነው ያሉት። አልደበቁም።

አክስቴ ሳዑዲን አትረግምም። «ይሄ ቆርቆሮ የሪያል ነው። አንተም የተማርከው በሪያል ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔን ዩኒፎርምና ደብተር የገዛችው እሷ ናት። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በአረብ አገር ገንዘብ የቆመው ቤት ብዙ ነው። ይህ ነው የእኛን አፍ ሁለት ጊዜ የሚዘጋው። እንግሊዙ ክለቡን ስለሚወድ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ እንጀራችንም እዚያ ነው።

ከዚያ ቀስ ብላ ሌላ ነገር አወራችኝ። የምትሠራበት ቤት ሰዎች ስሟ ከብዷቸው ሌላ ስም አወጡላት። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ስም ተጠራች። «ይሄ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ስሙን ያውቁታል አይደል?» አለችኝ።

«ያውቁታል።»

«ልክ ነው፤ እሱን ማወቁ አይከብድም» አለችና ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

መናገር ምንም አይለውጥም የሚል አለ። ኳታር ለ2022ቱ ዋንጫ ከተመረጠች ከ2010 ጀምሮ ስለ ሠራተኞቹ ሰው ጮኸ፤ ጋዜጠኛ ጻፈ፣ ማኅበራት ከሰሱ። በ2018 የዓለም የሥራ ድርጅት ዶሃ ላይ ቢሮ ከፈተ። በ2020 ሠራተኛው ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር እንዲችል ሕጉ ተሻሻለ፣ ዝቅተኛ ደሞዝም በወር 1000 የኳታር ሪያል ተብሎ ተደነገገ። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ቅሬታ አለ፣ የሞቱትም አልተመለሱም። ግን ሁሉም ጨዋታ እንዳይበላሽ ብሎ ዝም ቢል ይህም አይኖርም ነበር።

ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ደግሞ ፊፋ የ2034ቱን የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ሰጠ። ተወዳዳሪ አልነበራትም፣ ብቻዋን ቀርባ አገኘችው። 15 ስታዲየም ታስቧል። ይህ ወሬ እኛ ቆጣሪ ጋ ደርሷል። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የሚመጡ ልጆች «ሳዑዲ ሥራ ሊበዛ ነው፣ ኳስ ሜዳ ሊሠሩ ነው» ይባባላሉ። አሁን ዝም አልልም። ፎቶው እስኪወጣ ድረስ ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ። በኤጀንሲ ሂዱ፣ ውሉን አንብቡ፣ በእግር አትሂዱ እላለሁ። አንዳንዱ ይሰማል። አንዳንዱ «አብሽር፣ እኔ እደርሳለሁ» ይለኛል። ዲኤስቲቪ ቤትም እናገራለሁ፣ ጨዋታው ቢበላሽም። ኢሳቅ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ ግማሹ ሰው አብሮት ሄደ፤ እኔ ቀርቻለሁ። ኒውካስልን አልተውኩም። የዌምብሌይ ዕለት ያለቀሱት ሽማግሌዎች ምንም አላጠፉም።

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ የልጁ እናት ፎቶ ቤት መጡ። ስልካቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ከፍተው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ልጁ የጦሳን ተራራ ጀርባው አድርጎ ቆሟል፣ ይስቃል። ጥቁርና ነጭ ማሊያ ለብሷል።

«ይቺን እጠብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኛ ጋ የብዙ እናቶች ልማድ ልጃቸውን በኮምፒውተር ሱፍ ማስለበስ ነው። ጭንቅላቱን ቆርጬ ኮትና ክራቫት ላይ እቀጥለዋለሁ። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል። «ሱፍ ላልብሰው?» አልኳቸው።

ስክሪኑን ቀረብ ብለው አዩት። ጣታቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ጽሑፍ ምንድነው የሚለው?»

«የድርጅት ስም ነው፣ እናቴ። የሳዑዲ ድርጅት።»

ጣታቸውን አላነሱም። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ እሱም ዝም አለ።

«ይቺን ለብሶ ነው የወጣው» አሉኝ። «ያየው ሰው ካለ በልብሱ ያውቀዋል። ከዚያ የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ እያሳየሁ ልጠይቅ ነው። አትቀይረው፤ እንዳለ እጠብልኝ።»

«ስንት ፍሬ?»

«አሥር።»

አሥር ፍሬ አጠብኩላቸው።